የንጉሡ የመጀመሪያ እጮኛ

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታላቅ እህቴ፣ ለአክስቴ ልጅ ለወለተ ኪዳን
በርገን፣ ኖርዌይ

እታለሜ፣ ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጤናሽ የተሟላ፣ ቤትሽ የሞቀ እንዲሆን እመቤቴን እለምናለሁ። እኛ በቸርነቱ ደህና ነን። ሕዝቅኤል ሰላም ብሎሻል። ልጃችን ጸሎት ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገባች፤ በቁመት በልጣኛለች። ቁንዝላ ያሉት እናቴም «ኪዳንን ሳሚልኝ» ብለዋል።

በስልክ ስንገናኝ «ደህና ነን፣ ደህና ነን» ተባብለን ስለምንዘጋው፣ በወረቀት ይሁን ያልሽውን ወድጄዋለሁ። በኮሌጁ ፖስታ ሣጥን ላኪልኝ። ደብዳቤ ሲመጣ እኔ ወደምሠራበት ሬጅስትራር ቢሮ ስለሚያመጡልኝ አይጠፋም።

አሁን የምነግርሽን ስትሰሚ ትሥቂያለሽ። ሕዝቅኤል ንጉሥ ሊሆን ነው።

ከአዲስ አበባ የመጡ የፊልም ሰዎች ስለ አንድ የጥንት ንጉሥ ፊልም ሊሠሩ ተነሥተዋል። ንጉሡ ከታሪክ የተወሰደ አይደለም፤ ደራሲው ከራሱ ያመጣው ነው። መጀመሪያ ጎንደር ሊሠሩት አስበው ነበር። መንገዱ ስላልተመቻቸው እዚሁ ሐይቁ ዳር ቤተ መንግሥቱን በኮምፔንሳቶ አቆሙት። ዳይሬክተሩ ብሩክ የሚባል ጎልማሳ ነው። አዳራሽ ሊከራይ ኮሌጃችን መጥቶ ሳለ፣ ሕዝቅኤል ሜዳው ላይ ለተማሪዎቹ የመሬት ቅየሳ ሲያስተምር አየው። መሣሪያው ላይ ጎንበስ ብሎ ቆይቶ ቀና ሲል ነው ያየው። ወዲያው ቢሮዬ ገባና «ያ ጢማም መምህር ማን ነው?» አለኝ።

«ባሌ ነው» አልሁት።

«ንጉሤን አገኘሁት» ብሎ ወጣ። የያዙት ተዋናይ ታሞ ቀርቶባቸው ጨንቋቸው ኖሯል።

ሕዝቅኤል ሦስት ቀን እንቢ አለ። በአራተኛው ቀን ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መስተዋት ፊት ቆሞ ሳለ ጸሎት ያዘችው። ከዚያ በኋላ እንቢታው አለቀ።

ንግሥቲቱ ምሥጋና የምትባል የአዲስ አበባ ተዋናይት ናት። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ቆንጆ ናት፤ አልዋሽሽም።

ቀበሌ አሥራ አንድ ቪዲዮ ቤት ገብተን የህንድ ነገሥታት ፊልም የምናየው ትዝ ይልሻል? ንጉሡ የተዋት ሴት ስታለቅስ አንቺ አብረሻት ታለቅሺ ነበር። እኔ ስንት አምባር እንዳደረገች እቆጥር ነበር። አሁንም የንጉሥ ፊልም የምወደው ለልብሱና ለቤቱ ነው፤ ዓይኔን ደስ ካለው ይበቃኛል። አንቺ ግን ከምታስታምሚያቸው አሮጊት ጋር ሌላ ነገር አታዩም ስለተባለ፣ ዐዋቂ ሆነሻል ብዬ ልጠይቅሽ ነው። ንጉሥ እንዴት ይቀመጣል? እንዴት ይቆጣል? ሕዝቅኤል ለጊዜው የሚቀመጠው ስብሰባ የሰለቸው መምህር ሆኖ ነው።

እጅ የምትነሣሽ እህትሽ
ሥርጉት


በርገን፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምትናፍቂኝ ለሥርጉት

የባሕር ዳሩ ጊዮርጊስ ከነቤተሰብሽ ይጠብቅሽ። አክስቴንም ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ዝናቡ ከመስከረም ጀምሮ አላባራም፤ ለምደነዋል።

ሣቅሁ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ አልሣቅሁም። ደብዳቤሽን አውቶቡስ ውስጥ ሳነብ መውረጃዬን አለፍሁ። ሕዝቅኤል ለንጉሥነት መመረጡ አልደነቀኝም። አባቴ አባባ አምባቸው እኛ ቤት የጓሮዋን ክፍል አከራይተውት ሲማር፣ የውኃ ባልዲ ተሸክሞ እንኳ አንገቱን አይደፋም ነበር።

አሮጊቷ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። ከምሳ በኋላ መጋረጃውን ዘግቼ የነገሥታቱን ፊልም እከፍትላቸዋለሁ። አገራቸው ንጉሥ ስላለው ነው መሰል፣ የፊልሙን ንጉሥ እንደ ጎረቤት ልጅ ይወቅሱታል። «ይህ ደግሞ ኮቱን መቼ ነው የሚያስተኩሰው?» ይላሉ።

የኔን አስተያየት ከጠየቅሽኝ፣ የሚጮህ ንጉሥ የውሸት ንጉሥ ነው። ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ነው አዳራሹ ጸጥ የሚለው። እጁም ሥራ መፍታት አለበት፤ ጽዋ አያንሣ፣ በር አይክፈት። ሲጠየቅ ቶሎ አይመልስ። ይህ ለሕዝቅኤል አይከብደውም፤ ድሮም ነገር ሲጠየቅ የግራ ጆሮውን ጫፍ ይዞ ያስብ ነበር። አሁንም ይይዛል? ዘውድ ከጫነ በኋላ ግን እንዳይዝ ንገሪው። ጢሙንም እንዳያስነካ። ድምፁስ እንደ ድሮው ነው ወይስ ማስተማሩ አጎርንኖታል?

ስለ ልብስና ስለ አምባር ያልሽውን አልስማማበትም። ቀሚሱን ብቻ ያየ ሰው ፊልሙን አላየውም። እኔ የማየው በሮቹን ነው። በቤተ መንግሥት ውስጥ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው፦ ማን እንዲገባ ይፈቀድለታል፣ ማን በረንዳ ላይ ቆሞ ይቀራል። በሩ ሲዘጋ ካሜራው ሁልጊዜ ከውስጥ ካሉት ጋር ይሆናል። ይህን አንድም ቀን ይቅር ብዬው አላውቅም።

ካባውን ሲለብስ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ። ብቻውን ሆኖ ቢሆን ይሻላል፤ ልብሱ እንዲታይ።

ወለተ ኪዳን


ባሕር ዳር፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእታለሜ ለወለተ ኪዳን

ለልደቱ በዓል በደስታ ያድርስሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ምክርሽን ለሕዝቅኤል ሳነብለት «ኪዳን አልተለወጠችም» አለና ልብሱን ለመቀየር ገባ። እጁ ሥራ ይፍታ ያልሽው ግን በደንብ ገብቶታል፤ ይኸው ከዚያ ወዲህ የበላበትን ሳህን አያነሣም።

ቀረጻው ተጀምሯል። ባለፈው ቅዳሜ የሽምብራ ዓሣ ሠርቼ፣ ምሳ ዕቃዬን ይዤ ልጠይቀው ሄድሁ። ቤተ መንግሥቱን ከፊት ስታዪው ድንጋይ ነው፤ ዞረሽ ከኋላ ስታዪው አጣናና ሚስማር ነው። ይህን እያየሁ እየሣቅሁ ሳለ ሕዝቅኤል ካባ ለብሶ ከበሩ ወጣ። እታለም፣ ደነገጥሁ። አሥራ ሰባት ዓመት ከዚህ ሰው ጋር ኖሬ እንዲህ ሆኖ አላየሁትም። ልጠራው አፌን ከፍቼ ምን ብዬ እንደምጠራው ጠፋኝ።

ንግሥቲቱ ዘውድ የምትጭንበትን ክፍል ነበር የሚቀርጹት። ሥርዓቱን እንዲያርሙ የተጠሩ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን የሚባሉ አዛውንት አሉ። ምሥጋና የሕዝቅኤልን እጅ ይዛ ወደ ዙፋኑ ስትወጣ ተነሡና «ይህ ነውር ነው። ንግሥት በአደባባይ የንጉሥ እጅ አትይዝም» አሉ። እኔም ከኋላ ሆኜ «እውነታቸውን ነው» አልሁ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ብሩክ ፈገግ አለና «የኔታ፣ ተመልካቹ ፍቅር ካላየ ትኬት አይቆርጥም» አላቸው።

ሰባት ጊዜ ደገሙት። ሰባት ጊዜ እጁን ያዘችው። በአምስተኛው ላይ ጉማሬ ከደንገሉ መሀል ብቅ ብሎ ሁሉም ሲሮጥ፣ እሷ ክንዱ ላይ ተንጠልጥላ ሮጠች። ካሜራው እኮ ያን ጊዜ ቆሟል። ምሳ ዕቃዬን ሳልከፍተው ይዤ ተመለስሁ።

ቤት ሲመጣ «ስንቴ ነው ዘውድ የምትጭንላት?» አልሁት።

«ብሩክ በቃ እስኪል ነዋ።»

«እኔን ስታገባ ቀለበቱን ስንቴ አጠለቅህልኝ?»

«አንዴ።»

«እሱንም ጥለኸው ቄሱ ናቸው ያነሡልህ።»

ጸሎት ሣቀች፤ እሱም ሣቀ። ቀጥሎ ስልኩ ጮኸና እየሣቀ ወደ በረንዳ ወጣ። ምሥጋና ናት፤ የነገውን ንግግር ልታጠናው ነው አለኝ። ንግግር የሚጠና ከሆነ ምን ያሥቃል?

ስለ ንጉሥ ፊልም የነበረኝ አስተያየት ተለውጧል። የምታምር አንዲት እንግዳ ሴት ትመጣለች፤ ንጉሡ ያያታል። ሚስቱ ደግሞ ደግ ናት፤ ልጅ ታሳድጋለች፣ መልኳ ግን የደከመ ነው። ፊልሙ ቀስ እያለ በእንግዳዪቱ ፍቅር ይጥለናል። ሁለት ሰዓት ሲሞላው ሚስቲቱ እንድትሞትላቸው የምንመኝ እኛው ነን። ስንቱን እንዲህ አይቼ አልቅሻለሁ፤ ያለቀስሁት ለተሳሳተችው ሴት ነበር።

ፎቶው አልደረሰልኝም፤ ስልኬ ጥሩ አያነሣም። የጆሮውን ነገር ግን አንቺ ከጻፍሽልኝ በኋላ ልብ ብዬ አየሁት። ይይዛል። እስካሁን አላስተዋልሁትም ነበር።

ሥርጉት


በርገን፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሥርጉት

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደርሶኝ ዛሬውኑ እየጻፍሁልሽ ነው።

ምክሬን ስሚኝ፤ ወደ ቀረጻው ቦታ አትመላለሺ። ሰው ሥራው ላይ ሆኖ ሚስቱ ከኋላ ስታየው ይጨንቀዋል። ምሥጋናም ተዋናይት ናት፤ ነገ ሌላ ንጉሥ ታነግሣለች። አንቺ እሱን በእጅሽ ይዘሽ በማታውቂያት ልጅ መቅናትሽ ይገርመኛል።

ስለ ሚስቲቱና ስለ እንግዳዪቱ ያልሽውን ሳነብ ግን አንድ የረሳሻት ሰው እንዳለች አየሁ። በነዚህ ፊልሞች ውስጥ ንጉሡ ገና አልጋ ወራሽ ሳለ የታጨችለት ልጅ አለች። መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ ትታያለች። ከዚያ ወይ ገዳም ትገባለች፣ ወይ መርከብ ላይ ትሣፈራለች። መርከቡ የት እንደደረሰ የሚነግርሽ የለም። ሚስቲቱ በእንግዳዪቱ ትቀናለች፣ እንግዳዪቱ በሚስቲቱ ትቀናለች፣ እኛም ተቀምጠን ለሁለቱ እናለቅሳለን። አሮጊቷን አንድ ቀን «ያቺ ልጅ የት ደረሰች?» ብላቸው «የቷ ልጅ?» አሉኝ። እኔ ግን ፊልሙ እስኪያልቅ የማስበው እሷን ነው። አንዳንዴ ትመለሳለች ብዬ መጨረሻ ላይ የሚያልፈውን የስም ዝርዝር እንኳ እጠብቃለሁ።

በብሩክ ፊልም ውስጥ እንዲህ ያለች ልጅ አለች? ንጉሡ ንግሥቲቱን ወዶ ነው የሚያገባት ወይስ መኳንንቱ መርጠውለት? ሕዝቅኤልን ጠይቀሽ ጻፊልኝ። እሱስ ምን ይላል? ደስ ብሎታል? ከሥቷል?

ፎቶውን አደራ። የጸሎት ስልክ ጥሩ ያነሣል።

ከማኅበራችን ወለተ ጊዮርጊስ የምትባል ልጅ በየካቲት ወደ ባሕር ዳር ትመጣለች። ለሕዝቅኤል ግራጫ የሱፍ ሹራብ ልኬለታለሁ፤ ሐይቁ ዳር ጠዋት ጠዋት ይበርዳል። ላንቺና ለጸሎት ቸኮላት አለበት።

ወለተ ኪዳን


ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወለተ ኪዳን

ለብርሃነ ትንሣኤው እንኳን አደረሰሽ። ደብዳቤሽ የካቲት ውስጥ ደርሶኛል። ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ከተማሪዎች ማመልከቻ ሥር አድርጌው ነበር። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ውሸት ነው።

መጀመሪያ የምሥጋናን ነገር ልጨርስልሽ። በዐቢይ ጾም መግቢያ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ቤቴ መጣች። ሕዝቅኤል ክፍል ነበረው። በሩን ስከፍት እሷን ሳይ ልዘጋው ነበር።

«እትዬ ሥርጉት፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አለችኝ።

«ምን አድርገሽ?» አልኋት።

«ሰርቄዎት።»

ተቀመጭ ማለቱም ጠፍቶኝ ቆምሁ። እሷም ቆማ ነገረችኝ። ንግሥቲቱ በንጉሡ የምትቀናበት ክፍል አለ። ቃል አትናገርም፤ አዳራሹ በር ላይ ቆማ ማየት ብቻ ነው። ዐሥር ጊዜ ሞክራ አልሆን አላት። ብሩክም ተቆጣት። «ከዚያ እርስዎ ያን ቅዳሜ ምሳ ዕቃውን አቅፈው ያዩኝ አስተያየት ትዝ አለኝ። ፊትዎን እንዳለ ወሰድኩት። አንዴ ብቻ ተቀርጾ አለፈ። ግን ሳልጠይቅዎት ስለሆነ እንቅልፍ ነሳኝ» አለችና በስልኳ አሳየችኝ።

እኔን ነው ያየሁት፤ በዘውድ። አገጬን ወደ ውስጥ ስቤ፣ አፌን ወደ ግራ ጠምዝዤ። እንዲህ መሆኔን አላውቅም ነበር። ልቆጣ አሰብሁና ሣቄ መጣ፤ እሷም ሣቀች። ዳቦና ሻይ አቀረብሁላት። እጮኛዋ መርካቶ ሱቅ አለው፤ እሱ ደግሞ በሕዝቅኤል ይቀናል አለችኝ። ጸሎትን ንግግር ስታስጠናት ከሰዓቱ አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በምሥጋና ነገር ልቤ ዐርፏል።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ።

ሹራቡ ደረሰ። ሕዝቅኤል ሲለብሰው ልክ ሆነው፤ ትከሻው ላይ አልጠበበ፣ እጅጌው አልረዘመ። አንቺ ያየሽው የሃያ ስድስት ዓመት ቀጭን ተማሪ እያለ ነው። «ልኩን ከየት አወቀች?» ብል ጸሎት «እኔ ነኝ የነገርኋት፤ ጠይቃኝ ነዋ» አለች። ስልኳን አምጪ አልኋት። አሥራ አራት ፎቶ ልካልሻለች። ካባ ለብሶ፣ በፈረስ፣ ሳቅ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስር። በአንዱም ላይ እኔ የለሁም። በአንደኛው የኔ ክንድ ገብቶ ነበር፤ «ቁረጪውና ብቻውን ላኪልኝ» ብለሽ ጽፈሽላታል። ልጄን ነው እንዲህ ያልሻት።

ሁላችንም እያወቅን ተናግረነው የማናውቀውን ዛሬ ልናገረው። ሕዝቅኤል ሽማግሌ የላከው መጀመሪያ ላንቺ ነው። አባባም ፈቅደው ነበር። አንቺ ነሽ ቪዛው ሲወጣልሽ የሄድሽው። በሄድሽ በሁለት ዓመቱ ነው እኔን ያገባኝ። ማንም ከማንም አልቀማም።

ከቁንዝላ እናንተ ቤት ልማር ስመጣ ስምንት ዓመቴ ነበር። ቀሚስሽ ሲጠብሽ ለኔ ይሰጠኛል፤ ጫማሽ ሲያረጅ ለኔ። አመሰግን ነበር፣ አሁንም አመሰግናለሁ። ግን ሕዝቅኤልንም ጠቦሽ የተውሽልኝ ልብስ አድርገሽ ነው የምታይው? ስትፈልጊ ልክ ነው አይደለም ብለሽ የምትጠይቂበት?

ምሥጋና እጁን የያዘችው እንጀራዋ ስለሆነ ነው። የአንቺ ግን ምንድን ነው?

በብሩክ ፊልም ውስጥ ያቺ የታጨችው ልጅ አለች ወይ ብለሽኛል። አልጠየቅሁትም። ጸሎት ከእንግዲህ ፎቶ አትልክም። ሹራቡን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

ሥርጉት


በርገን፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሥርጉት

እግዚአብሔር ያክብርሽ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

የጻፍሽው ሁሉ እውነት ነው። በልጅሽ በኩል መሄዴ ነውር ነው፤ ጸሎትን ይቅርታ ጠይቂልኝ። ክንድሽን ቁረጪው ማለቴን ሳነብ በራሴ አፈርሁ።

ቀናሁ። ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ ነበር፤ ናፍቆት ነው፣ የአገር ነገር ነው አልሁ። አይደለም፤ ቅናት ነው። የጀመረኝም ዘንድሮ አይደለም።

አንቺ የማታውቂው አንድ ነገር አለ። በሄድሁ በዓመቴ ሕዝቅኤል ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር። አጭር ነው። «ትመጫለሽ ወይስ ልተወው? የትኛውም ቢሆን ጻፊልኝ» ይላል። መልስ አልጻፍሁለትም። ያን ጊዜ የመኖሪያ ፈቃድ አልነበረኝም፤ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። እመጣለሁ ብለው ውሸት ነው፤ ተወኝ እንዳልለው ደግሞ እጄ እንቢ አለኝ። ዝም ካልሁ እሱም ባለበት የሚቆይልኝ መስሎኝ ነበር። ደብዳቤው በደረሰኝ በሰባተኛው ወር እናቴ የሠርጋችሁን ፎቶ ላከችልኝ። ከዚያ ወዲህ እንኳን ደስ አላችሁ ስል፣ ጸሎት ስትወለድ ልብስ ስልክ፣ በየበዓሉ ስደውል፣ ሁሉንም ከልቤ ለማድረግ ሞክሬ አንዳንዱ ተሳክቶልኛል።

አንቺ ስለ ምሥጋና ስትጽፊልኝ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ ያነበብሁት ስለ እሷ ብዬ አልነበረም። «ቤት ሲመጣ» የምትለው ቦታ ላይ እቆም ነበር። የምትቀኚበት ሰው ማታ ቤት ይመጣል፤ ቀለበቱን የጣለበትን ቀን ታስታውሽዋለሽ፤ ልጃችሁ መሀል ሆና ትሥቃለች። በዚህ ነው የቀናሁት።

አሮጊቷ በሰኔ ዐረፉ። መጨረሻ ላይ የምናየውን ፊልም አልጨረስነውም። ልጆቻቸው ቴሌቪዥኑን ውሰጅው ቢሉኝ አልወሰድሁትም። አሁን ሌላ ቤት ተመድቤያለሁ፤ ያሉት ሽማግሌ የእግር ኳስ ወዳጅ ናቸው።

ወደ አገር ልመጣ አስቤ ነበር፤ ለሃያ ቀን ያህል። ካንቺ ሳልሰማ ትኬት አልቆርጥም። ስለ እሱ የምጠይቅሽ ነገር የለም።

ወለተ ኪዳን


ባሕር ዳር፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእታለሜ ለወለተ ኪዳን

ለዘመን መለወጫውም ለመስቀሉም እንኳን አደረሰሽ። አሮጊቷን ነፍሳቸውን ይማር። ስማቸውን ሳልጠይቅሽ መቅረቴ ቆጭቶኛል።

ደብዳቤሽን ሦስት ሳምንት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርሁ። ፊልሙ ዘመን መለወጫውን ጠብቆ ታየ። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር፤ ከኮሌጁ፣ ከሰፈሩ፣ ከማክሰኝትም የሕዝቅኤል ወንድሞች መጥተዋል። ሕዝቅኤል ራሱን ሲያይ ወንበሩ ውስጥ ሰጠመ። ንጉሥነቱ ጥሩ ነው። አይጮህም፣ እጁ ሥራ ፈትቷል፤ ይህን ያስተማርሽው አንቺ መሆንሽን እኔ አውቃለሁ። የምሥጋና የቅናት ፊት ሲመጣ ከአጠገቤ ያሉ ሴትዮ «ምስኪን» አሉ። እኔ መሆኔን አያውቁም።

ያቺ የታጨችው ልጅ አለች። ሁለት ደቂቃ ታየች። በታንኳ ተጭና ሄደች፤ ስሟ እንኳ አልተጠራም። ሕዝቡ ዙፋኑን ሲያይ እኔ እሷን ስፈልግ አለቀ። ተናደድሁብሽ። አርፌ ቀሚስ የማይበትን ፊልም ነው ያበላሸሽብኝ።

እንደተመለስን ጸሎትን አስተኛሁና ደብዳቤሽን ለሕዝቅኤል ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ጽፈህላት ነበር?» አልሁት።

«ጽፌላት ነበር።»

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«መልስ ያልመጣለት ነገር ነው፤ ምን ብዬ ልንገርሽ?»

«መልሱ ቢመጣስ ኖሮ?»

እታለም፣ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ አሥራ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል። እሱ ግን አልተጨነቀም። ወረቀቱን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረና «እመጣለሁ ብላ ቢሆን እሷን አገባ ነበር። አልጻፈችም፤ አንቺን አገባሁ። አንቺን ሳገባ የሷን መልስ እየጠበቅሁ አልነበረም። ከዚህ የተለየ ብነግርሽ ውሸት ይሆናል» አለኝ።

ደስ አላለኝም። «ኪዳንን ፈጽሞ አልወደድኋትም ነበር» እንዲለኝ ነበር የፈለግሁት። ቢለኝ ደግሞ አላምነውም ነበር። ያን ሰሞን በደንብ አልተነጋገርንም። ምግብ አቀርባለሁ፣ ይበላል፣ ሳህኑን ራሱ ያነሣል። በአምስተኛው ቀን ሥራ ስንሄድ መንገድ ላይ «ኪዳንን ትምጣ በያት፤ ቤቷ ነው» አለኝ። ይኸው፣ ብሏል፤ እኔም አድርሻለሁ።

እኔ ግን ትምጣ አልልም። ገና ነኝ። ስትመጪ በር ከፍቼ፣ አንገትሽን አቅፌ፣ ጓሮ ወዳለችው ክፍል ሻንጣሽን ስወስድ ይታየኛል። ቀጥሎ ምሳ ላይ ሦስታችን ስንቀመጥ ይታየኛል። እሱ አንድ ነገር ይናገራል፤ አንቺ ትሥቂያለሽ፤ እኔም ምሥጋና የሰረቀችኝን ፊት አደርጋለሁ። ያን ፊት ጸሎት እንድታየው አልፈልግም። አንቺም እንድታዪው አልፈልግም፤ እንግዳ ሆነሽ መጥተሽ ቀና ብለሽ ሳትበዪ ትሄጃለሽ።

ስለዚህ ዘንድሮ ትኬት አትቁረጪ። ይህን መጻፌ ይከብዳል፤ ግን ነይ ብዬሽ ቀኑን ከምቆጥርብሽ ይሻላል። በስምንት ዓመቴ አልጋሽን ያካፈልሽኝ አንቺ ነሽ፤ አልረሳሁም። ከቅናቴ ጋርም አብሮ አለ፤ አንዱ ሌላውን አላስወጣልኝም። ቅናቴ ሲወጣልኝ ራሴ ነይ እልሻለሁ። መቼ እንደሆነ አላውቀውም። እስከዚያ አድራሻሽን እንዳትቀይሪብኝ።

እህትሽ
ሥርጉት